በባሕር ዳር የሚኖሩ የውጭ አገር ቤተሰቦች የበዓል አከባበር

ለሥራ ወደ ባሕር ዳር መጥተው ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች የለመዷቸውን በዓላት የሚያከብሩበት መንገድ ከሁሉም በላይ የሚወሰነው በዘመን አቆጣጠር ልዩነትና በአካባቢው የጾም ሥርዓት ነው። ለበዓሉ የሚፈለግ ዕቃ መታጣቱ ብዙ ጊዜ ቢነሳም፣ ከቀኑ አለመገጣጠም ጋር ሲነጻጸር ቀላል ችግር ነው።

ከተማዋ ከእንዲህ ዓይነት ነዋሪዎች ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተቋቋመ ሲሆን፣ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሟ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሥራ ጀምሯል። ይህ ተቋምና ቆይቶ የተመሠረተው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች የመጡ መምህራንም አስተምረውበታል።

የምዕራባውያን የልደት በዓል፣ ዲሴምበር 25፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል። ይህ ቀን ኅዳር 15 የሚጀምረው ጾመ ነቢያት ገና ያልተፈታበት፣ ምእመኑ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚታቀብበት ወቅት ነው። አሜሪካውያን በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ የሚያከብሩት የምስጋና ቀንም ከኅዳር 12 እስከ 19 ባለው ጊዜ ስለሚውል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጾሙ አያመልጥም። ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ገበያቸው ይቀዘቅዛል፤ የአሳማ ሥጋ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላው ጾም ኖረም አልኖረ ማግኘት አዳጋች ነው። የምስጋና ቀን ማዕድ መለያ የሆነው የፈረንጅ ቱርክም በከተማዋ ገበያ የተለመደ ባለመሆኑ፣ ቦታውን የሚይዘው ከነሕይወቱ ተገዝቶ ቤት የሚታረድ ዶሮ ነው።

ጣና ግን ለአንዳንዶች ነገሩን ያቃልለዋል። በፖላንድና በኢጣሊያ ካቶሊካውያን ልማድ የልደት ዋዜማ እራት ሥጋ የሌለበት፣ ዓሣ የሚቀርብበት ነው፤ በሐይቁ ዳር ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ በጾሙ ወራትም አይጠፉም። እንግዳው ዓሣ በጾም የሚበላ ከሆነ ባለቤቲቱ ሁለት ዓይነት ምግብ ከመሥራት ትድናለች፤ አለዚያ የጾሙንና የፍስኩን ለይቶ ማቅረብ ግድ ይላል። ጎረቤት የማይጠራበት በዓል እዚህ አገር በዓል ስለማይባል፣ ብዙዎቹ ቤተሰቦች ለይቶ የማቅረቡን ድካም ለምደውታል።

ዲሴምበር 25ም ሆነ ጃንዋሪ 1 በኢትዮጵያ የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ የቤተሰቡ ድግስ ብዙ ጊዜ ለቅርቡ እሑድ ይተላለፋል። የልደት ጸሎት በዕለቱ ማግኘትም ቀላል አይደለም፤ ባሕር ዳር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መንበር ብትሆንም፣ የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ልደትን የሚያከብሩት እንደ አገሩ ሰው ታኅሣሥ 29 ቀን ነው። በአንጻሩ የሩሲያና የሰርቢያ ኦርቶዶክሳውያን ገና ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ይውላል። በሶቪየት ዘመን ግን የልደት በዓል ይፋዊ ስላልነበረ፣ ያጌጠ ጥድ የሚቆምበት ዋናው የቤተሰብ በዓል አዲስ ዓመት ነበር። የሞስኮና የባሕር ዳር ሰዓት እኩል በመሆኑም ዛሬም ሩሲያዊ ቤተሰብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስልክ ሲያነሳ ከዘመዶቹ ጋር እኩል አዲሱን ዓመት ይቀበላል።

ትንሣኤ ወጥ መልክ የለውም። በ2017 ዓ.ም. የምሥራቁም የምዕራቡም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን የአምስት ሳምንት ልዩነት ነበራቸው። ዒድ የሚያከብሩ የውጭ አገር ቤተሰቦች ይህ ሁሉ አይመለከታቸውም፤ በዓሉ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ከከተማዋ ሙስሊሞች ጋር አብረው ይሰግዳሉ፣ አብረው ያርዳሉ።

ከሁሉም የተሻለ የሚመቸው የሕንዶች ዲዋሊ ይመስላል። በዓሉ በጥቅምት ወይም በኅዳር መግቢያ በሚገኝ ጨረቃ አልባ ሌሊት ስለሚከበር የነቢያት ጾም አይደርስበትም። ለጣፋጮቹ የሚያስፈልገው የሽምብራ ዱቄትም ሆነ ቅቤ ከየትኛውም ገበያ ይገኛል፤ ቅመም የገባበት ሽሮ ግን ለዚህ አይሆንም። ቅቤ በሌለበት የሚሠራው የአትክልት ምግባቸው ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ጎረቤትም ያለ ሥጋት ይቀርባል።

ልጆቹ ከዚህ መደራረብ ያተርፋሉ፤ ሁለት ገና፣ ሁለት አዲስ ዓመት ያከብራሉ፣ በመስከረም 1 ከሰፈር እኩዮቻቸው ጋር «አበባየሆሽ» ይጨፍራሉ። ወላጆቻቸው በታኅሣሥ አጋማሽ ለጋበዙት ጎረቤት ምላሹ ጾሙ ሲፈታ በዶሮ ወጥ ይመጣል፤ «እንኳን አደረሳችሁ»ም ሁለት ጊዜ ይባላል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀና በከተማዋ የሰዓት እላፊ ገደብ ከተጣለ በኋላ ግን የሌሊት ግብዣ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር፤ ዐዋጁ በ2016 ዓ.ም. አብቅቷል። በየአገራቸው መንግሥታት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ምክንያት ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ የውጭ ባለሙያዎችም ቀንሰዋል፤ የቀሩት በዚያን ጊዜ እንግዶቻቸውን ይጠሩ የነበረው ለምሳ ነው።