በቤት የተገጣጠመ መኪናን ለቴክኒክ ምርመራ ማዘጋጀት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክፍሎቹ በኪት መልክ፣ ማለትም ለመገጣጠም ተዘጋጅተው በአንድነት የሚሸጡ ሆነው ተገዝተው፣ ሞተሩና ካምቢዮው ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የፋብሪካ መኪና ተነቅለው፣ በባለቤቱ እጅ የሚገጣጠም መኪና ታርጋ ከማግኘቱ በፊት ለብቻው የሚመረመርበት ሥርዓት በብዙ አገሮች አለ። በብሪታንያ ይህ ምርመራ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይ.ቪ.ኤ. በሚል አጭር ስም ይታወቃል፤ በጀርመንና በአውስትራሊያም የየራሳቸው የነጠላ ተሽከርካሪ ማጽደቂያ አሠራር አለ። ዝርዝሩ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ከመስፈርቶቹ ብዙዎቹ ከተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች የተቀዱ በመሆናቸው ገጣጣሚዎች የሚሳሳቱባቸው ነጥቦች ተመሳሳይ ናቸው። ከዚህ በታች በቁጥር የተጠቀሱት ከእነዚሁ ደንቦችና ከብሪታንያው አሠራር የተወሰዱ ስለሆኑ፣ በሌላ አገር የሚያስመረምር ሰው የአገሩን መመሪያ ማየት ይኖርበታል።

«መኪናው ያለ እንከን የሚሄድ ከሆነ ምርመራውን ያልፋል»

መኪናው መሄዱ ግድ ነው፤ ለማለፍ ግን አይበቃም። መርማሪው የሚያጣራው በመመሪያው ላይ የሰፈረው እያንዳንዱ ነጥብ በመኪናው ላይ መሟላቱን እንጂ መኪናው ምን ያህል መንገድ ሳይበላሽ እንደ ተጓዘ አይደለም። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ የሚነሳና መሪው የማይንገጫገጭ መኪና፣ የነዳጅ ክዳኑ ከአፉ ሊለይና ሊጠፋ የሚችል በመሆኑ ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ከ300 ሚሊሜትር በላይ ሳይታሰር የተንጠለጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ወይም የቡሎኑ ጥርስ በውስጡ እስካለው የናይሎን ቀለበት ያልደረሰለት ራሱን ቆላፊ ዳዶ እንዲሁ በጉድለት ይመዘገባል። ወራትን በሞተር ማስተካከል ያሳለፈ ሰው መመሪያውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነብ ወደ ምርመራ ጣቢያ መሄዱ የሚያስገርም ቢሆንም የተለመደ ነው። የብሪታንያው መመሪያ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ለዚህ ቸልተኝነት ማመካኛ የለውም።

«ዝግጅቱ የሚጀመረው መገጣጠሙ ሲያልቅ ነው»

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሥራ የሚያፈርሰው አመለካከት ይህ ነው። መኪናው ቀለም ተቀብቶ፣ ወለሉ በምንጣፍ ተሸፍኖ፣ መቀመጫው ከታሰረ በኋላ የሻንሲውን ብየዳና የደኅንነት ቀበቶ ማሰሪያዎቹን ማሳየት አስቸጋሪ ነው። የቀበቶው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 14 መሠረት በሦስት ነጥብ የሚታሰር የመንገደኛ መኪና ቀበቶ ማሰሪያ ሲፈተን፣ በደረት በኩልም በወገብ በኩልም 13,500 ኒውተን የሚሆን ጉተታ በአንድ ጊዜ ይጫንበታል፤ ይህም በእያንዳንዱ በኩል ከአንድ ቶን በላይ ክብደት እንደ ማንጠልጠል ነው። የአንድን ሰው ብቸኛ መኪና መርማሪ በዚህ ኃይል እየጎተተ አይፈትንም። የሚያየው ማሰሪያው ከሻንሲው ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ፣ ቡሎኑ የገባበት ብረት ውፍረት እንዳለው፣ ወይም በቀጭን ላሜራ ላይ ብቻ የታሰረ መሆኑን ነው። ይህ ሁሉ ከምንጣፍ በታች ከተደበቀ፣ ብየዳው ገና ራቁቱን ሳለ የተነሳ ግልጽ ፎቶግራፍ ትልቅ ዋጋ ይኖረዋል።

ከፎቶግራፍ ጋር ወረቀትም መሰብሰብ አለበት። ከሌላ መኪና የተነቀለ ሞተር የተሠራበት ዘመን ካልተረጋገጠ፣ በየትኛው የጭስ መስፈርት እንደሚለካ አይታወቅም፤ ማስረጃ ማቅረብ ደግሞ የባለቤቱ ድርሻ ነው። የኪቱን ግዢ ደረሰኝ፣ ሞተሩ የተነቀለበትን መኪና ሰነድና የሞተሩን ቁጥር የሚያሳይ ደብዳቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ፋይል ማስቀመጥ በኋላ ከመሯሯጥ ያድናል። የሻንሲ ቁጥርም ከዚሁ ጋር ይታሰባል። ዘመናዊው የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች አሉት፤ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ይህ ቁጥር በሻንሲው ላይ ተመትቶ በቀላሉ መነበብ ስላለበት፣ ከቀለም በፊት የት እንደሚመታ መወሰን ይገባል።

«ኪቱን የሸጠው ፋብሪካ መስፈርቱን ሁሉ አሟልቶታል»

ፋብሪካው የሠራው መኪና አልፎ ሊሆን ይችላል። ለምርመራ የሚቀርበው ግን የእርስዎ መኪና ነው። ሌላ ቸርኬ፣ ዝቅ ያለ መቀመጫ፣ ያማረ ስፖኪዮ ወይም አጠር ያለ ማርሚታ የመረጠ ሰው ከፋብሪካው ናሙና ወጥቷል፤ የቀየረውን ነገር ሁሉ ራሱ ማረጋገጥ አለበት። አስቀድመው ተመሳሳይ ኪት ያሳለፉ ሰዎች ምክር ጠቃሚ ቢሆንም፣ መመሪያው በየጊዜው ስለሚታደስ ከዓመታት በፊት ያለፈ መኪና ለዛሬው ዋስትና አይሆንም።

«ሹል ማለት እጅ የሚቆርጥ ነገር ነው»

በውጭ አካል ላይ ስለሚወጡ ጠርዞች የተደነገገው ከዚህ እጅግ የጠበቀ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስመረምሩ ሰዎች በብዛት የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። መነሻ ሐሳቡ እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ ከመኪናው ጋር ቢነካካ አካሉን የሚተለትል ነገር እንዳይኖር ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ኳስ ሊነካው የሚችል ወጣ ያለ ጠርዝ ሁሉ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያለው ክብነት እንዲኖረው ይጠየቃል። ስለዚህ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ የሚመስል፣ በሞረድ በደንብ የተስተካከለ የላሜራ ጠርዝ እንኳ ሊወድቅ ይችላል፤ ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ምንም ያህል ቢሞረድ ከ1 ሚሊሜትር የሚበልጥ ሬዲየስ ሊኖረው አይችልምና። መፍትሔው ጠርዙን ወደ ውስጥ ማጠፍ፣ ኳሱ በማይደርስበት ቦታ መደበቅ ወይም ተስማሚ የጎማ ልባስ ማልበስ ነው።

ይህን በቤት ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠንካራ ኳስ ተፈልጎ፣ ጠመኔ ተቀብቶ በአካሉ ላይ ቀስ ተብሎ ይንከባለላል። ጠመኔው ያረፈባቸው ጠርዞች የሚመለከታቸው ናቸው፤ ነጭ ምልክት ያላረፈባቸው ጉድጓዶችና ጥልቅ ማዕዘኖች በአብዛኛው ነፃ ናቸው። ከዚያም 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመሰርሰሪያ ብረት ድፍን ጫፉ ከጠርዙ ጎን ይያዛል፤ ይህ ብረት ሬዲየሱ ልክ 2.5 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ጠርዙ ከእርሱ የጠበበ ክብነት ካለው ወዲያውኑ በዓይን ይለያል። የፊት ሞላና መሪ ማያያዣዎች ከአካሉ ውጭ በሚታዩባቸው ክፍት መኪናዎች ላይ ይህ ፍተሻ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ የእያንዳንዱ ቡሎን ራስና የእያንዳንዱ ዳዶ ጫፍ መታየት አለበትና። በፕላስቲክ ቆብ የተሸፈኑት በእጅ ሲጎተቱ የሚወልቁ ከሆነ መርማሪው እንደ ሽፋን አይቆጥራቸውም፤ ስለዚህ መጣበቅ አለባቸው።

በውስጥ በኩል መስፈርቱ ይለወጣል። በዳሽቦርዱ አካባቢ የሚሞከረው የሰውን ራስ በሚወክል 165 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ኳስ ሲሆን፣ የውድድር መኪና መልክ ለመስጠት ተብለው የሚገጠሙ ረጃጅም የብረት ማብሪያዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይያዛሉ። ውበታቸውን የሚወድ ሰው ከመሪው ኋላ ወይም ኳሱ ከማይደርስበት የዳሽቦርድ ክፍል ቢያስቀምጣቸው ይሻላል።

«ፍሬኑ በኃይል የሚይዝ ከሆነ ችግር የለም»

የፍሬን ኃይል ማነስ በእነዚህ ቀላል መኪናዎች ላይ ብዙም አይታይም። የሚታየው የሚዛን መዛባት ነው። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ የኋላ ጎማዎች መሬቱን የሚጫኑበት ኃይል ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ቀድመው መሽከርከር ካቆሙ የመኪናው ጅራት ወደ ጎን ይወጣል፣ ሹፌሩም በመሪ ሊመልሰው አይችልም። ደንቡ የፊት ጎማዎች ቀድመው እንዲታሰሩ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ኪት መኪና ላይ ችግሩ የሚመጣው የፍሬኑ ክፍሎች ለሌላ፣ ለከባድና የክብደት ክፍፍሉ ለተለየ መኪና የተሠሩ በመሆናቸው ነው። ሞተሩ ከፊት ከነበረ ከባድ መኪና የተነቀለ ፍሬን ሞተሩ ከኋላ በሆነ ቀላል መኪና ላይ ሲገጠም፣ የፊትና የኋላ ድርሻው እንደገና መሰላት አለበት።

የፊትና የኋላ ድርሻን የሚለውጥ ማስተካከያ የገጠመ ሰው ደግሞ፣ ከተስተካከለ በኋላ እንዳይነቃነቅ በፒን ወይም በሌላ ዘላቂ መንገድ ሊቆልፈው ይገባል። ሹፌሩ እየነዳ የሚያዞረው ማስተካከያ ለውድድር እንጂ ለመንገድ አይፈቀድም። አዲስ የፍሬን ሸራም ከዲስኩ ጋር በደንብ ሳይላመድ ወደ ምርመራ መሄድ በመለኪያው ላይ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣል፤ የእጅ ፍሬን ላይ ይህ ይበልጥ ይጎላል። የፍሬን ዘይት ማነስን የሚያሳውቅ የዳሽቦርድ መብራት መኖሩና መሥራቱም ይታያል።

«መሪው ወዲያና ወዲህ ከዞረ በቂ ነው»

መዞሩ ብቻ ሳይሆን ወደ መሃል የመመለስ ዝንባሌው ይፈተናል። መኪናው መሪው በግማሽ ያህል ተጠምዝዞ በዝግታ፣ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ክብ እየዞረ ሳለ መሪው ይለቀቃል፤ የሚዞርበት ክብ እንዳለ መቆየት ወይም መስፋት አለበት፣ መጥበብ ግን የለበትም። በጣም ቀላል የሆኑ መኪናዎች የፊት ክብደታቸው ስለሚያንስ በዚህ ላይ ይቸገራሉ። የመጀመሪያው መፍትሔ ካስተር የሚባለውን፣ የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያጋድልበትን ማዕዘን መጨመር ነው። ከዚያ በፊት ግን መሪውን የሚያጠብቅ መጋጠሚያ አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ደረቅ ወይም ከመጠን በላይ የተጠበቀ መጋጠሚያ የትኛውንም ማዕዘን ከንቱ ያደርገዋል።

«መብራት ከበራ መብራት ነው»

ቦታውም ይለካል። ወደ ታች የሚያበራው የፊት መብራት ከመሬት ከ500 ሚሊሜትር ማነስ፣ ከ1,200 ሚሊሜትርም መብለጥ የለበትም፤ መሬት የሚነካ የሚመስል ዝቅተኛ መኪና የሚሠራ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ሊያስብበት ይገባል። ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ መብለጭለጭ አለበት። በኤል.ኢ.ዲ. አምፖል የተተካ ፍሬቻ ጉልበት የሚወስደው ጥቂት ስለሆነ፣ አሮጌው መቆጣጠሪያ አምፖል የተቃጠለ መስሎት ከዚህ በላይ ያፈጥነዋል። ፍሬቻው ከጎን በኩልም በተወሰነ ማዕዘን መታየት ስላለበት፣ በመከላከያ ጥግ ወይም በትርፍ ጎማ የተጋረደ መብራት ቢበራም አያልፍም።

«የፍጥነት መለኪያ ትንሽ ቢሳሳት አይጎዳም»

በአንድ ወገን አይጎዳም፤ በሌላው ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት የለበትም፤ አብዝቶ ሲያሳይም ልዩነቱ ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶ እና ተጨማሪ 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ ተወስኗል። ከኪቱ ናሙና ትልቅ ጎማ የገጠመ ሰው መለኪያውን ሳያስተካክል ከሄደ የሚወድቀው በተከለከለው ወገን ነው።

«ድምፁ ሲያስገመግም የሚያስጥለው መርማሪው ካልወደደው ነው»

ድምፅ በመሣሪያ ይለካል። በብሪታንያው ምርመራ ማይክሮፎኑ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ግማሽ ሜትር ርቆ በ45 ዲግሪ ማዕዘን ይቆማል፤ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን ከሚሰጥበት ዙር በሦስት አራተኛው ይያዛል፤ ንባቡም ከ99 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ የተዘነጋ ነገር አለ፦ ባለቤቱ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት የሚሰጥበትን ዙር በማስረጃ ካላቀረበ፣ የሚለካበት ዙር ለመኪናው የማይመች ሊሆን ይችላል። ጭስን በተመለከተ፣ ካታሊቲክ መቀየሪያ (በጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠም፣ መርዛማ ጋዞችን የሚቀንስ ክፍል) ያለው ሞተር በሚገባ ሳይሞቅ ቢለካ ንባቡ የከፋ ስለሚሆን፣ መኪናውን በጭነት መኪና ጭኖ ያመጣ ሰው ከመለካቱ በፊት ሞተሩን ለማሞቅ ጊዜ ሊሰጥ ይገባል።

«አንድ ጊዜ የወደቀ መኪና ዳግም ከባዶ ይጀምራል»

በመጀመሪያ ምርመራ መውደቅ የተለመደ ነው። መርማሪው መኪናው የወደቀባቸውን ነጥቦች በጽሑፍ ይሰጣል፤ በድጋሚ ምርመራም በአብዛኛው የሚታዩት እነዚሁና ሲጠገኑ የተነካኩት ክፍሎች ናቸው። ከመርማሪው ጋር መከራከር ግን የሚጠቅመው የመመሪያውን አንቀጽ በእጅ ይዞ ብቻ ነው።

«ካለፈ በኋላ የጎማ ልባሱና ቆቡ ሊነሳ ይችላል»

ይህን በግልጽ የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ምክሩ ግን መጥፎ ነው። የምስክር ወረቀቱ የተሰጠው መኪናው በቀረበበት ሁኔታ ስለሆነ፣ የጠርዙ ልባስ ተነስቶ ስለታም ላሜራ የወጣበት መኪና አንድ ሰው ቢጎዳ፣ ባለቤቱ ከመድን ድርጅቱም ከፍርድ ቤትም ጋር የሚያደርገው ክርክር ይከብደዋል። ከምርመራው በኋላ ሊነካካ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ አዲስ የተገጣጠመ መኪና የተወሰኑ መቶ ኪሎ ሜትሮች ሲሄድ መጋጠሚያዎቹ ስለሚረጋጉ፣ የሻንሲው፣ የመሪው፣ የሞላውና የቸርኬው ቡሎኖች እንደገና በቶርክ ቁልፍ መፈተሽ አለባቸው፤ የፍሬን መስመሮቹም ዘይት አለማንጠባጠባቸው በዚያው ይታያል።