ቦቶክስና ፊለር ምንና ምን ናቸው?

ብዙ ሰው ቦቶክስንና ፊለርን፣ ሁለቱም ፊት ላይ በመርፌ ስለሚሰጡ፣ እንደ አንድ ሕክምና ይቆጥራቸዋል፤ ይሁን እንጂ ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ፊት በዕድሜ ለምን እንደሚለወጥ ማወቅ ይጠቅማል። ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ከሃያዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ የጉንጭ ስብ ይሳሳል፣ ወደ ታችም ይወርዳል። ብዙዎች የማያስተውሉት አጥንቱም መለወጡን ነው፤ የዓይን ጉድጓድ ይሰፋል፣ መንጋጋም ይሳሳል። ፀሐይና ሲጋራ ደግሞ የቆዳውን እርጅና ያፋጥኑታል።

ቦቶክስ ጡንቻን ለጊዜው የሚያላላ መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2002 በቅንድቦች መካከል ለሚወጣው መስመር የፈቀደው ሲሆን፣ ሰው ፊቱን ሲያኮሳትር የሚሰበሰበውን ጡንቻ ስለሚያሳርፍ መጨማደዱ ለ3 ወይም ለ4 ወራት ያህል ይቀንሳል። የጎደጎደ ጉንጭን ግን አይሞላም።

መሙላት የፊለር ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በቆዳ ውስጥም በተፈጥሮ ከሚገኘው፣ ውሃ ከሚይዘው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከተባለው ንጥረ ነገር በመሆኑ፣ ካስፈለገ ሐኪሙ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ሊያሟሟው ይችላል። ፊለር በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ አልፎ አልፎም ዓይንን ሊያሳውር ስለሚችል፣ በውበት ሳሎን መወጋት በእኔ እምነት ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ከመርፌው በኋላ ቆዳው ከነጣ፣ ከባድ ሕመም ከተሰማ ወይም እይታ ከደበዘዘ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።