ጨው በፀሐይ ብቻ አይሠራም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ባሕር ካለ ጨው አይቸግርም»

ውሃው ውስጥማ ሞልቷል፤ ጣጣው ማውጣቱ ላይ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በአማካይ 35 ግራም ጨው ይይዛል። 1 ኪሎ ለማግኘት ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ ውሃ መትነን አለበት ማለት ነው። ከሚተነው የሚዘንበው ከበለጠ ገንዳው ይሞላል እንጂ አይደርቅም። የባሕሩ ጨዋማነት ራሱ የአየር ንብረት ሥራ ነው፦ ዝናብ ብርቅ የሆነበት ቀይ ባሕር በሊትር 40 ግራም ገደማ ሲይዝ፣ ወንዞች የሚያቀጥኑት ባልቲክ በብዙ ቦታው ላይ 10 ግራም እንኳ አይሞላም።

«ዋናው ሙቀት ነው»

የታጠበ ልብስ በወበቅ ቀን እርጥብ ሆኖ ይውላል፤ ነፋስ ባለበት ብርዳም ቀን ግን ይደርቃል። የጀርመን ጨው ሠሪዎች የተጠቀሙት ይህንኑ ነው። ረጅም የእንጨት ማማ ሠርተው በእሾሃማ ጭራሮ ሞሉት፤ ከምንጭ የቀዱትን ጨዋማ ውሃ ከላይ እያንጠባጠቡ ነፋሱ እንዲያደርቅላቸው አደረጉ። በባድ ዱረንበርግ ከ600 ሜትር በላይ የሚረዝም ማማ ዛሬም አለ።

«ውሃው ጥርግ ብሎ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው»

እንዲህ ያደረገ ሰው መራራ ነገር ይቀምሳል። ውሃው ሲተን መጀመሪያ የሚዘቅጠው የኖራ ዘር ነው፤ ቀጥሎ ጂፕሰም ይመጣል። ገበታ ላይ የምናውቀው ጨው መታየት የሚጀምረው ውሃው ወደ አንድ አሥረኛው ሲቀንስ ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ማግኒዚየም የበዛበት መራራ ፈሳሽ ስለሆነ ይደፋል። ስለዚህ ሥራው ውሃን ከገንዳ ወደ ገንዳ በጊዜው ማሻገር ነው። በፈረንሳይ ጌራንድ ሠራተኛው ጨውን በረጅም የእንጨት መጎተቻ ወደ ዳር የሚስበው የገንዳውን ጭቃ ላለመንካት ተጠንቅቆ ነው፤ ከነካው ጨዉ ይጠቁራል። ወቅቱ በጋ ላይ ያሉት ጥቂት ወራት ብቻ ናቸው፤ በመሐል አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ የሳምንታት ድካም መልሶ ውሃ ይሆናል።

«ውሃ አፍልተው ጨው የሚያወጡት ሌላ ዘዴ ባለማወቃቸው ነው»

ይህ ግምት ፍርደ ገምድል ነው። በዝናባማዋ ጃፓን፣ ኖቶ ልሳነ ምድር ላይ፣ የባሕር ውሃ አሸዋ ላይ ይረጫል። አሸዋው ሲደርቅ ይሰበሰብና ሌላ የባሕር ውሃ ይፈስበታል፤ ጨዉን አጥቦ የሚወርደው ውሃ ነው ድስት የሚገባው። ውሃው ከመፍላቱ በፊት እንዲህ የሚወፍረው ማገዶ ለመቆጠብ ነው። ውሃው 20 በመቶ ጨው ከያዘ ለ1 ኪሎ ጨው የሚተነው 4 ሊትር ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ማገዶው አገር ይጨርሳል፦ በዴንማርኳ ሌሶ ደሴት ደኑ ስላለቀ ማፍላቱ እ.ኤ.አ. በ1652 ተከለከለ። ደመና በማይለያት ሲቹዋን ያሉ ቻይናውያን ደግሞ ጨዋማ ውሃ ፍለጋ ሲቆፍሩ ያገኙትን የተፈጥሮ ጋዝ ለማፍያ አዋሉት፤ እዚያው በዚጎንግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1835 የተጠናቀቀው ጉድጓድ ከ1000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

«ከመሬት የሚቆፈር ጨው ከአየር ንብረት ጋር አይገናኝም»

እሱም ቢሆን በጥንት ድርቅ የተነነ ባሕር ወይም ሐይቅ ትቶት የሄደ ነው። መሬት ላይ ተጋልጦ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ደግሞ በአብዛኛው ዝናብ ብርቅ በሆነበት ነው። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1352 በሰሐራ በኩል ሲያልፍ ታጋዛ በምትባል መንደር ቤቶቹም መስጊዱም በጨው ድንጋይ ተገንብተው፣ ጣሪያቸው የግመል ቆዳ ሆኖ አገኛቸው። ሌላ አገር ቢሆን ያ ግድግዳ አንድ ክረምት አይሻገርም ነበር።