እግዚአብሔር አካል አለው? ከዘጌ ስንመለስ የተነሣ ክርክር

ባለፈው እሑድ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ ጀልባው ላይ ክርክር ተነሣ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሥላሴን ሥዕል አይተን ነበር፤ ነጭ ጢም ያላቸው ሦስት ሽማግሌዎች። አንዱ ጓደኛችን «ይኸው፣ እግዜር አካል አለው» አለ። አንዷ ደግሞ «የምን አካል? ይሄ የድሮ ሰው ሐሳብ ነው» አለችው። ሁለቱም ልክ አልመሰሉኝም። እስቲ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሥዕሉ መልኩን ያሳያል»

አያሳይም። ሦስቱ አንድ ዓይነት ፊት የተሰጣቸው እኩል ናቸው ለማለት ነው። ሽበቱም ዳንኤል «በዘመናት የሸመገለ» ካለው የመጣ ነው።

«አካል ካለው ሥጋ አለው»

ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ጋ ነው፤ ጥፋቱም የቃሉ ነው። ቄሶቻችን ሥላሴን «በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ» ሲሉ እጅና እግር መቁጠራቸው አይደለም። አካል እዚያ ላይ «እኔ» የሚል ማንነት ነው። የጂሙ «አካል ብቃት» ሌላ ነው! የሚዳሰሰውን ሊቃውንቱ «ግዙፍ»፣ የማይዳሰሰውን «ረቂቅ» ይሉታል። ስለዚህ ጥያቄው «እግዚአብሔር ግዙፍ ነው ወይ?» መሆን ነበረበት።

የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አይደለም ብሏል። ግዙፍ ነገር ይከፈላል። የሚከፈል ነገር ደግሞ ገና ያልሆነውን ሊሆን ይችላል። አምላክ ዘንድ «ገና» የለም። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ቀለል ያለው ነው፦ ጀልባችን ደብረ ማርያም ደሴት ጋ ከሆነች ዘጌ ላይ የለችም። ግዙፍ ነገር ቦታ ይወስነዋል፤ እግዚአብሔርን ግን ቦታ አይወስነውም።

«ሰው ሲሆን መለኮቱ ወደ ሥጋ ተለወጠ»

ተዋሕዶ እንዲህ አትልም። ያለ መለወጥ፣ ያለ መቀላቀል ነው የምትለው።

«እግዚአብሔርን ግዙፍ ያደረጉት ያልተማሩ ናቸው»

ኧረ ተዉ! ስቶይኮች የተባሉት የግሪክ ፈላስፎች ግዙፍ ያልሆነ ነገር ምንም ሊሠራ አይችልም ብለው አምላክንም ግዙፍ፣ ግን የሳሳ ነገር አደረጉት። የላቲኑ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡልያኖስም መንፈስ ራሱ የተለየ ዓይነት ግዙፍ ነገር ነው ብሏል። በ399 እ.ኤ.አ. ገደማ የግብፅ መነኮሳት እግዚአብሔር የሰው መልክ የለውም የሚል ደብዳቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ሲደርሳቸው፣ አንድ አረጋዊ መነኩሴ አምላኬን ወሰዱብኝ ብለው አለቀሱ።

ክርክሩ እኛም ጋ ነበረ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሚካኤላውያን የተባሉ ወገኖች የእግዚአብሔርን መልክ ከራሱ በቀር ማንም አያውቅም አሉ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ ሰው በአምላክ መልክ መፈጠሩን ይዞ በጽሑፍ ተሟገታቸው። የንጉሡ አፅም ያረፈው እዚሁ ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው ይባላል።

ይህን ስነግራት ጓደኛችን «እንግዲያ ዳጋ ሄጄ እራሱን እጠይቀዋለሁ» አለች። ባለ ጀልባው ሳቀ። ዳጋ ሴት አይገባም።