የውሃ ዘንግ ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ስገባ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ማንቆርቆሪያዬን ነው። ጥቂት ወር ሳይቆይ ውስጡ ነጭ ነገር ጋገረ። ቢፈተግም እሺ አይልም። መስኮት በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ሳይወለወል ሲቀር የሚታየው ነጭ ነጠብጣብም ያው ነው። አቧራው ሄዷል፤ አሁን መስታወቱን ያቆሸሸው ራሱ ውሃው ነው።

የውሃ ዘንግ የሚባለውን የመስኮት ማጽጃ ለመረዳት ከዚህ መነሳት ያስፈልጋል። ዘንጉ እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበ ይረዝማል። ጫፉ ላይ ብሩሽ አለ። ቀጭን ቱቦ ዘንጉን ተከትሎ ይወጣና ውሃውን ብሩሹ ላይ ይረጫል። ሠራተኛው መሬት ላይ ቆሞ የጂ ፕላስ ቱ ቤት የላይኛውን መስኮት ያጥባል። መሰላል የለም። ላርጎ የለም፣ ጋዜጣም የለም። አጥቦ፣ አለቅልቆ ይተወዋል። መስታወቱ በራሱ ይደርቃል፣ ነጠብጣብም አይቀርበትም።

ሚስጥሩ ያለው ዘንጉ ላይ ሳይሆን ውሃው ላይ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋይ መሐል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሟሟል። ውሃው ሲተን እነሱ አይተኑም፤ መስታወቱ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ ይጣራል። ንጽህናው እስክሪብቶ በምታክል መሣሪያ ይለካል። መለኪያው ፒፒኤም ነው፤ 1 ፒፒኤም ማለት በ1 ሊትር ውስጥ 1 ሚሊግራም የሟሟ ነገር እንደማለት ነው። ባለሙያ የሚፈልገው 0 ነው። ከ10 ካለፈ ነጠብጣቡ ተመልሶ ይመጣል።

ማጣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን ያሳልፋል። ጥሩ ያጣራል፣ ግን ከገባው ውሃ ብዙውን ወደ ውጭ ይደፋል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ያማል። ቢያንስ የሚደፋው በባልዲ ተጠራቅሞ ለመጸዳጃ ቤት ይሁን። ሁለተኛው ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች የሞሉበት ሲሊንደር ነው። ውሃ አያባክንም፣ ግን ሬዚኑ ያልቃል። ውሃው ማዕድን በበዛበት ቁጥር ቶሎ ያልቃል፣ መቀየሩ ደግሞ ወጪ ነው። እኔ ብሆን ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ በሮቶ አጠራቅሜ እሱን በሬዚን አሳልፍ ነበር። የዝናብ ውሃ የሟሟ ማዕድን እምብዛም የለውም። የጣሪያውን አቧራ የሚያጥበውን የመጀመሪያውን ዝናብ ብቻ ሳያጠራቅሙ መተው ነው።

አስተጣጠቡ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የላይኛው ፍሬም ይታጠባል። ፍሬሙ ጥግ ላይ አቧራ ተሸጉጧል፤ ካልወጣ በኋላ እየቀለጠ ይወርድና በንጹሁ መስታወት ላይ ጭቃማ መስመር ይሠራል። ቀጥሎ መስታወቱ ከላይ ወደ ታች በብሩሽ ይታሻል። መጨረሻ ላይ ያለቀልቃሉ፣ አሁንም ከላይ ጀምሮ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ እሽታው ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ ማለቅለቁ ላይ ሰንፎ ሥራውን ሁሉ ሲያበላሸው።

አዲስ ቤት ከሆነ ዘንጉ ብቻውን አይበቃም። የሲሚንቶና የቀለም ፍንጣሪ በብሩሽ አይለቅም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ መጽዳት አለበት። ድሮ በሳሙና ሲታጠብ የኖረ መስታወትም የመጀመሪያው ቀን ላይ ሊዥጎረጎር ይችላል። ደግማችሁ እጠቡት፣ ይጠራል።

ዘንግ ስትገዙ የምትሰሙት ሦስት ስም ነው፦ አሉሚኒየም፣ ፋይበርግላስና ካርበን ፋይበር። ካርበኑ ቀላል ነው፣ ሲረዝምም ብዙ አይታጠፍም፤ ዋጋውም እንደዚያው። ግን አሉሚኒየምም ካርበንም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። ፋይበርግላስም ቢሆን ከረጠበ አያስተማምንም። እኛ መንገድ ላይ ሽቦው ከአንዳንዱ በረንዳ ጥቂት ክንድ ብቻ ርቆ ነው የሚያልፈው። በዚያ በኩል ያለውን መስኮት ማንም ዘንግ ይዞ እንዲጠጋ አልፈቅድም።