አረንጓዴ ቀጠና ምንድን ነው? አውስትራሊያ ኮራል ሪፏን የምትጠብቅበት ዘዴ

አረንጓዴ ቀጠና በባሕር ፓርክ ውስጥ ሰው እንደ ልቡ የሚገባበት፣ ነገር ግን ዓሣም ሆነ ሌላ ነገር ይዞ መውጣት የማይፈቀድለት ክልል ነው። መዋኘት ይቻላል፣ መጥለቅ ይቻላል፣ በጀልባ ማቋረጥም ይቻላል። መንጠቆ መጣል ግን ክልክል ነው።

አሠራሩ በሰፊው የሚታወቀው በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ለ2,300 ኪሎ ሜትር ያህል በተዘረጋው ግሬት ባሪየር ሪፍ ነው። ሪፍ ማለት ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት የባሕር ውስጥ ድንጋይ ነው። ጠባቂው የግሬት ባሪየር ሪፍ የባሕር ፓርክ ባለሥልጣን የተባለ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ባሕር 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የኢትዮጵያን የቆዳ ስፋት ሲሶ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ይህን ሁሉ ማጠር አይቻልም፤ ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከካርታ ነው።

መነሻው የኖራ ጉዳይ ነበር። በ1967 (እ.ኤ.አ.) አንድ የሸንኮራ አገዳ ገበሬ ለማሳው የሚሆን ኖራ የግሬት ባሪየር ሪፍ አካል ከሆነው ከኤሊሰን ሪፍ ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀ። ሪፉ ሞቷል ተባለ። ተቃዋሚዎች ጠላቂዎችን ልከው ሲያስፈትሹት ሕይወት የሞላበት ሆኖ ተገኘ፤ ጥያቄውም ውድቅ ተደረገ። ከዚያ የነዳጅ ቁፋሮ ሥጋት መጣ፣ ክርክሩ ጋለ፣ በ1975 የፓርኩ ሕግ ጸደቀ። ዛሬ በፓርኩ ውስጥ ማዕድን ማውጣትም ነዳጅ መቆፈርም ክልክል ነው።

ካርታው በቀለም የተከፈለ ነው። ቀላል ሰማያዊው ክልል ለአብዛኛው ሥራ ክፍት ነው፤ የባሕር ወለል የሚጠርገው ትልቅ መረብ እንኳ ይጎተትበታል። በጥቁር ሰማያዊው ያ መረብ አይገባም። በቢጫው አንድ ሰው በአንድ ክርና በአንድ መንጠቆ ብቻ ማጥመድ ይችላል። ከአረንጓዴውም ይልቅ ጥብቁ ሮዙ ነው፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማንም አይገባበትም። እሱ ግን ከፓርኩ አንድ በመቶ አይሞላም።

አንድ አጥማጅ ወደ ሰማያዊው ለመድረስ አረንጓዴውን ማቋረጥ ቢኖርበት ይለፍ፣ ማንም አያስቆመውም። ግዴታው የማጥመጃ ዕቃውን ከውሃ አውጥቶ በጀልባው ውስጥ ማስቀመጥ ወይም በመያዣው ላይ ማሰር ብቻ ነው። ድንበሩን እንዳይስት ደግሞ መስመሮቹ በተቻለ መጠን ቀጥ ብለው በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ተሰምረዋል፤ ጂፒኤሱን ዓይቶ የት እንዳለ ያውቃል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ለእኔ የአሠራሩ ትልቁ ብልሃት ነው። ሰው የማያየውን ድንበር አክብር ቢሉት እንዴት ያከብራል?

እስከ 2004 ድረስ አረንጓዴው ከፓርኩ አምስት በመቶ አይሞላም ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ 33 በመቶ አደገ። ዝም ብሎ አልሰፋም። ሳይንቲስቶች ባሕሩን በተፈጥሮ ዓይነቱ 70 ቦታ ከፈሉት፤ ከእያንዳንዱም ቢያንስ 20 በመቶው እንዲጠበቅ ተወሰነ። ሕዝቡ ከ31,000 በላይ አስተያየት በጽሑፍ አስገባ። ገቢያቸው ለተነካ አጥማጆችና ነጋዴዎች መንግሥት በጊዜ ሂደት ከ200 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አወጣ። ጥበቃ ዋጋ አለው፤ ያን ዋጋ አጥማጁ ብቻውን ይሸከም ማለት ፍትሕ አይደለም።

ውጤቱ ውሃ ውስጥ ታይቷል። ኮራል ትራውት የተባለው ተፈላጊ ዓሣ በአረንጓዴው ውስጥ በቁጥርም በመጠንም ይበልጣል። ኮራል የሚበላው ባለ እሾህ የባሕር ኮከብ በብዛት የሚፈላበት ጊዜም ዓሣ በማይጠመድባቸው ሪፎች ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ወረርሽኙ ሲነሣ ግን ካርታ አይበቃም፤ ጠላቂዎች ይሰማራሉ። እያንዳንዱን ኮከብ ከተደበቀበት እየፈለጉ ከበሬ ሐሞት የተዘጋጀ መድኃኒት ይወጉታል። አንድ መርፌ ይገድለዋል፣ ኮራሉን ግን አይነካም። አድካሚ ሥራ ነው፤ ሪፍ በሪፍ፣ ተመልሶ እየመጡ።

በዚህ ላይ የቅኝት አውሮፕላንና ጀልባ አለ፣ ከጎብኚ የሚሰበሰብ ክፍያ አለ፣ ከጥንቱ የባሕሩ ባለቤቶች፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር የሚደረግ ስምምነትም አለ። እንደ ዱጎንግ (ሣር የሚበላ ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳ) እና የባሕር ኤሊ ያሉ እንስሳትን በልማዳቸው እንዴትና ምን ያህል እንደሚያድኑ በስምምነቱ ውስጥ ራሳቸው ይወስናሉ።

መሥሪያ ቤቱ የማያዝዘው ግን ብዙ ነው። ከእርሻ ማሳ በወንዝ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ከሥልጣኑ ክልል ውጭ ይነሣል። ከሁሉ የከፋው ሙቀት ነው። ውሃው ሲሞቅ ኮራል በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩትንና የሚመግቡትን ጥቃቅን አልጌዎች ያስወጣል፣ ነጭ ይሆናል፣ ሙቀቱ ከቆየም ይሞታል። በ2016 አረንጓዴውም ሰማያዊውም እኩል ነጣ፤ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 ሰፊ መንጣት ተደገመ። ከሌሎች ጉዳቶች በኋላ የተጠበቁ ሪፎች ቶሎ እንደሚያገግሙ ጥናት አሳይቷል። ለማገገም ግን ጊዜ ያስፈልጋል፣ በሁለት መንጣት መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ አጥሯል።

ሕጉ ባለሥልጣኑን በየአምስት ዓመቱ የሪፉን ሁኔታ መርምሮ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። በ2019 ያወጣው ሪፖርት የሪፉን የወደፊት ተስፋ «በጣም ደካማ» ብሎ መደበው፤ የ2024ቱም ደረጃውን አላሻሻለውም። ሪፉን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው ይህን የጻፈው፤ ዋናው ሥጋት የአየር ንብረት ለውጥ መሆኑንም በግልጽ አስፍሯል።