ርካሽ የዕፅዋት ሰፕሊመንት፦ ስንገዛ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ፋሲካ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ለአክስቴ አንድ ብልቃጥ የሽፈራው እንክብል ይዞላቸው መጣ። ብልቃጡ ላይ «ሞሪንጋ» ይላል። አክስቴ የአርባ ምንጭ ልጅ ናቸው፤ ሽፈራውን እንደ ጎመን ቀቅለው እየበሉ ነው ያደጉት። «ይሄ እኮ የኛው ቅጠል ነው» አሉኝ ብልቃጡን እያገላበጡ። ቀጥለው ደግሞ «ግን የአሜሪካው ይበልጣል አይደል?» አሉ። አንዱን እንክብል ከፍተን ነጭ ሳህን ላይ ደፋነው። የሻይ ማንኪያ ሩብ እንኳ የማይሞላ አረንጓዴ ዱቄት ወጣ።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ጥቁር አዝሙዱ፣ እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጓዳችን ያለው ሁሉ እንክብል ሆኖ እየተመለሰልን ነው። ሰፕሊመንት የሚሉት ይሄንን ነው። በሻንጣ ይመጣል፣ በቴሌግራም ይሸጣል። ስለ እሱ የምንሰማው ግን ብዙው ልክ አይደለም። አንድ በአንድ ልሂድበት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ርካሹ የውሸት ነው፣ ውዱ ይሠራል»

ዋጋ ብቻውን ስለ ጥራት አይናገርም። ለማስታወቂያ ብዙ ያወጣ ድርጅት ውድ ይሸጣል። በየጓሮው የሚበቅል ቅጠል ደግሞ ርካሽ ቢሆን ምንም አይገርምም። ሽፈራው ርካሽ መሆን አለበት። ሳፍሮን የሚባለውን ቅመም ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ተጠራጠሩ፤ አበባው በእጅ እየተለቀመ ነው የሚዘጋጀው።

ዋጋ ለማወዳደር ፊት ለፊት ያለውን ትልቅ ጽሑፍ ተዉትና ጀርባውን አንብቡ። ለምሳሌ አንዱ ብልቃጥ 9 ዶላር ነው፣ ፊቱ ላይ «1000 ሚሊግራም» ይላል እንበል። ጀርባው ላይ ግን 1000 ሚሊግራም የሚሆነው ሁለት ፍሬ ሲወሰድ ነው። 60 ፍሬ አለው፤ ስለዚህ ጠቅላላው 30 ግራም ነው። ሌላው 15 ዶላር ነው፣ እያንዳንዱ ፍሬ 600 ሚሊግራም፣ 120 ፍሬ አለው። ይሄኛው 72 ግራም ሆነ። የመጀመሪያው በግራም 30 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 21 ሳንቲም ገደማ ነው። ርካሽ የመሰለን ውዱ ነበር። የአክስቴ ብልቃጥም ሲሰላ 30 ግራም ደረቅ ቅጠል ነው የያዘው። ይህን ያህል ከአርባ ምንጭ ገበያ በእፍኝ ይገኛል።

በነገራችን ላይ በኮንሶና በጋሞ የሚበላው ሽፈራው እና በእንክብል በብዛት የሚሸጠው የህንዱ ሞሪንጋ አንድ ዛፍ አይደሉም። የኛው ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ይባላል፣ የህንዱ ሞሪንጋ ኦሊፌራ። ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን ስለ አንዱ የተጠናው ለሌላው በቀጥታ አይሠራም። ጥሩ አምራች የትኛውን ተክል፣ የትኛውን ክፍሉን እንደተጠቀመ በሳይንሳዊ ስሙ ይጽፋል። ቅጠል ነው? ሥር ነው? ዘር ነው? ይህን ያልጻፈውን ባትገዙት ይሻላል።

ደግሞም ንጹሕ መሆንና መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጊንኮ የሚባለው ቅጠል ለማስታወስ ችሎታ ተብሎ ለዓመታት በውድ ሲሸጥ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ከ3000 በላይ አረጋውያን የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ2008 ወጣ። የተሰጣቸው በጥንቃቄ የተዘጋጀ ጊንኮ ነበር፣ በቀን ሁለቴ 120 ሚሊግራም፣ ለስድስት ዓመት ገደማ። የመርሳት በሽታን አልከላከለም። ጥራቱ የተጠበቀ ነገር ገዝቶ ምንም አለማግኘትም አለ።

«ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ኤፍ ዲ ኤ አጽድቆታል»

አላጸደቀውም። ኤፍ ዲ ኤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት ገበያ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት አይጸድቅም። ደኅንነቱን የማረጋገጥ ኃላፊነት የአምራቹ ነው። ኤፍ ዲ ኤ በአብዛኛው የሚገባው ችግር ከታየ በኋላ ነው። «በኤፍ ዲ ኤ የተመዘገበ ፋብሪካ» የሚለው ጽሑፍም ፋብሪካው ስሙን አስመዝግቧል ማለት ነው እንጂ ምርቱ ተመርምሮ አለፈ ማለት አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የዩ ኤስ ፒ ወይም የኤን ኤስ ኤፍ ማኅተም ፈልጉ። እነዚህ ምርት የሚመረምሩ ገለልተኛ ድርጅቶች ናቸው፤ የተባለው ነገር በተባለው መጠን መኖሩን፣ ጎጂ ነገር አለመቀላቀሉን ይፈትሻሉ። ማኅተሙ ርካሽ ምርቶች ላይም ይገኛል። ይፈውሳል ማለት ግን አይደለም።

«ቶሎ ከሠራ ጥሩ ነው ማለት ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ለዓመታት የቆየ የጉልበት ህመም በሁለት ቀን ድራሹ ሲጠፋ እልል እንላለን። መጠየቅ ያለብን ግን «ውስጡ ምን አለ?» ብለን ነው።

በ2022 ኤፍ ዲ ኤ አርትሪ ኪንግ ስለሚባል የመገጣጠሚያ ሰፕሊመንት ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ዕፅዋትና ቫይታሚን ነበር። ሲመረመር ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን ተገኘበት። ዲክሎፌናክን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የህመም ማስታገሻ ነው። ዴክሳሜታዞን ደግሞ ስቴሮይድ ነው። የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ የደም ግፊት ይጨምራል። ለረጅም ጊዜ የወሰደው ሰው በድንገት ካቆመው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት አቅቶት ሊወድቅ ይችላል። አስቡት፤ ሰውዬው «ቅጠል ነው» ብሎ ነው የሚወስደው። ብልቃጡ ሲያልቅ ያቆማል። ሆስፒታል ሲደርስም ስቴሮይድ ስወስድ ነበር አይልም፣ አያውቅማ!

በዚያው ዓመት በትንንሽ ፓኬት ስለሚሸጥ የወንዶች «ማር» ማስጠንቀቂያ ወጣ። ማሩ ውስጥ ያልተጻፈ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ተገኝቷል፤ ሲልዴናፊል ማለት ቫያግራ ነው። ለልብ ህመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ቢልስ ግፊቱ በአንዴ ሊወርድና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። የውፍረት መቀነሻ ሻይና ቡናም እንዲሁ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ሲቡትራሚን ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት ልብና አንጎል ላይ በሚያመጣው አደጋ ምክንያት በ2010 ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል።

ስለዚህ ለሦስት ነገሮች የሚሸጥ ርካሽ «ተአምረኛ» ካያችሁ እለፉት፦ ለመገጣጠሚያ፣ ለወሲብ፣ ለክብደት። የተደበቀ መድኃኒት በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው።

«ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም»

ኮሶን የሚያውቅ ሰው ይህን ማለት አልነበረበትም። አያቶቻችን ኮሶን በመጠኑ ነው የሚሰጡት፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። መጠኑ ሲያልፍ ሰው እንደሚጥል ያውቁ ነበር። ያ ጥንቃቄ እንክብሉ ጋ ስንደርስ የት እንደሚጠፋብን አላውቅም።

በ2023 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል አንድ ነገር አሳወቀ። ቴሆኮቴ የሚባል የሜክሲኮ ዛፍ ሥር ለክብደት መቀነሻ በኦንላይን ይሸጣል። ከተመረመሩት 10 ምርቶች 9ኙ ቴሆኮቴ አልነበሩም። ቢጫ ኦሊያንደር ነበሩ፣ ልብን የሚመርዝ ተክል። እሱም ተፈጥሮ ነው።

ጉበትም አለ። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒት ሳቢያ የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች በ2014 ባወጡት ሪፖርት፣ ከመዘገቧቸው ታማሚዎች የሰፕሊመንቱ ድርሻ በ10 ዓመት ውስጥ ከ7 በመቶ ወደ 20 በመቶ አድጓል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ እንክብሉን አቁሞ ወዲያው መመርመር ነው።

«ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ይሻላል»

ዱቄት እና ጭማቂው ወጥቶ የተጠናከረው አንድ አይደሉም፤ ሚሊግራማቸው አይወዳደርም። «ልዩ ቅልቅል» ተብሎ አሥር ዕፅዋት ተዘርዝሮ አንድ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ከየትኛው ስንት እንዳለ ማወቅ አትችሉም።

«አይቼ፣ አሽትቼ አውቀዋለሁ»

ጥቁር አዝሙድ ገበያ ላይ ገዝቶ አሽቶ ማሽተት ጥሩ ነው፣ የሻገተውን ይለያል። ከባድ ብረትን ግን አፍንጫ አያውቀውም። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ ለገበያ የሚያዘጋጁ ሰዎች ሥሩን ደማቅ ቢጫ ለማድረግ ሊድ ክሮሜት ይቀቡት እንደነበር በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ነው። ገዢው «ቀለሙ እንዴት ያምራል» ብሎ የመረጠው ራሱ መርዙ ነበር።

«ለሐኪም የሚነገር ነገር አይደለም»

ነው። ለድብርት ተብሎ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የወሊድ መከላከያ እንክብልን፣ አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችንና የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪንን ያዳክማል። ሐኪም ካልተነገረው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድም ስኳር ሊያወርዱ ይችላሉ፤ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አክስቴ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ። ባለፈው ቀጠሮ ብልቃጡን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ሐኪሟ የጀርባውን አነበበች፣ የስኳር መዝገባቸውን አየች። ከዚያ «እማማ፣ ቅጠሉን ቤት ውስጥ እንደ ጎመን መብላት ይችላሉ፤ እንክብሉን ግን ስኳርዎን ሳንለካ አይጀምሩት» አለቻቸው። ያን ቀን ማታ ደውለውልኝ ነበር። «አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ካለ ቅጠል አስመጪልኝ» አሉኝ።